በጋቢ የተጋረደው ሪሞት

አንድ ውድነህ የሚባል የበርበሬ ነጋዴ ነበር። ሀብት ሲሞላለት ሁለት ሪሞት ገዛ። አንዱ የግቢውን የብረት በር ይከፍታል፤ ሌላው አውድማ የሚያህል ቴሌቪዥኑን ያዛል። ከዚያ ወዲህ ከአካሉ የሚሠራው አውራ ጣቱ ብቻ ሆነ።

አንድ እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ሴት ልጁን ስንዱን ለአንድ ንብ አርቢ ወንድ ልጅ ሊጠይቁ መጡ። ስንዱ የንብ አርቢውን ልጅ ወዳዋለች። ሽማግሌዎቹ ግን ሁለት ጊዜ ተመልሰዋልና ዛሬም እንቢ ከተባሉ ነገሩ ያከትማል።

ውድነህ ሊያስደንቃቸው ብሎ ከሳሎኑ ሳይወጣ በሩን በግድግዳ አሻግሮ ከፈተላቸው። ሲገቡ ደግሞ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ለቀቀው። በሦስት መንደር ያለ ዶሮ ሳምንቱን ሙሉ ዕንቁላል አልጣለም።

ጠያቂ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ስለዚህ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ከውድነህ ፊት፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተደርድረው ቆሙ።

«ተቀመጡ እንጂ፣ አባቶቼ።»

«ምን አልክ?»

ውድነህ ድምፁን ሊቀንስ ሪሞቱን ተጫነ። ወይ ፍንክች። ባትሪ ቀየረ፣ እፍ አለበት፣ በመጨረሻም ለመነው።

«የበሩ ግድግዳ ጥሶ ይሄዳል፤ ይኼኛው ሦስት ክንድ አቃተው» ብሎ ጮኸ። «አመጣጣችሁ ደግ አይደለም። ዕቃዬ እንኳ አይቷችሁ አኮረፈ። ልጄን አልሰጥም።»

«እኛ ዕቃህን አልነካን፤ ቆምን እንጂ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ አባባ ይታገሱ።

ስንዱ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣች። «አባዬ፣ የበሩ ሪሞት እንደ ሬዲዮ ነው፤ ግድግዳ ያልፋል። የቴሌቪዥኑ ግን ብርሃን ነው፤ ዓይን የማያየው ብርሃን። ጋቢያቸው ላይ ሲያርፍ እዚያው ይቀራል።»

«ካልታየ በምኑ ነው ብርሃን የሆነው?» ውድነህ ሪሞቱን ዓይኑ ላይ ደቅኖ ተጫነ፤ ጨለማ ነው። አባባ ይታገሱም ጋቢያቸውን አራገፉ፤ ብርሃን የሚባል ነገር አልወደቀም። ሁሉም ግራ ገባቸው።

«እንግዲያው ዞር በሉልኝ።»

«እሺ ሳትል ንቅንቅ አንልም።»

ውድነህ ቸገረው። ተነሳ፤ ሽማግሌዎቹን ዞሮ ሄደና ቴሌቪዥኑን በእጁ አጠፋው። ቤቱ ጭር አለ። ከሽማግሌዎቹ ጎን እንደቆመ ልጁን ፊት ለፊት አያት።

«አንቺስ ምን ትያለሽ፣ ስንዱ?»

«ሁለት ጊዜ ነግሬህ ነበር፣ አባዬ። ሁለቱንም ጊዜ ድምፁ አልቀነሰም።»

ውድነህ ሪሞቱን ከእጁ አስቀመጠ። ከዚያ «አባቶቼ፣ ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ» አላቸው።

የማይታየው ብርሃን ነገር ለኔም እስካሁን አልገባኝም፤ የገባው ካለ ያስረዳኝ። ይቺን ግን ይዣለሁ፦ ትእዛዝ ግድግዳ ይሻገር ይሆናል፤ የቤተሰብ ቃል ግን መሐል የቆመው ካልተነሳለት አይደርስም። እኛም አልሰማ ሲሉን የምንቆጣው በሰዎቹ ነው፤ የጋረዳቸውን አናይም።

አንተስ፣ ከልጅህ ጋር መሐላችሁ ምን ቆሟል?