የተከሰሰው አባት

«አንድ አባት ነበረ» አሉ ጋሽ ይርዳው፣ የወይዘሮ ስንዱን ጥያቄ ሰምተው። አርባ ዓመት ታሪክ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ሲጠየቁ በቀጥታ መመለስ አይሆንላቸውም። ስንዱ አሜሪካ ውስጥ ሁለት ልጆቿን ቤቷ የምታስተምር እናት ናት። የጠየቀቻቸውም ይህን ነበር፦ «ልጆቼ የዚህን አገር አመሠራረት በቃላቸው ይወጡታል። ሕግ፣ መብት፣ ነጻነት ይላሉ፤ ግን ከአፋቸው አልፎ ልባቸው አልገባም። ትልቁማ ክርክር ብቻ ሆኗል። ዛሬም ‹ስሚኝ› እያለ ሲነዘንዘኝ ክፍልህ ግባ ብዬ በሩን ዘግቼበት መጣሁ። የትኛውን መጽሐፍ ልግዛላቸው?»

ያ አባት እንዲህ ነበር። እሱም አሜሪካ የሚኖር ያገራችን ሰው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሦስት ልጆቹን ቤቱ ያስተምራል፤ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ይነዳል። ያደገው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል እየሰማ ነው። ልጆቹ ግን ንጉሥ የተከሰሰበትን ታሪክ እንዲያውቁ ቆርጦ ተነሣ። አሥራ ሦስቱ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ድምፃችን በማይሰማበት ሸንጎ ግብር አይጣልብንም ማለታቸውን፣ የንጉሡን በደል አንድ በአንድ ዘርዝረው መጻፋቸውን፣ በኋላም ገዢውን ከሕግ በታች ማድረጋቸውን አስተማራቸው። «ሰው ሁሉ እኩል ተፈጠረ» ብለው ከፈረሙት ብዙዎቹ ባሪያዎች እንደነበሯቸውም አልደበቃቸውም።

«ታዲያ ራሳቸው ካልጠበቁት ምን ይረባል?» አለች መካከለኛዋ ልጁ።

«ወረቀቱ ይረባል። የተበደሉት ኋላ በዚያው ወረቀት ሞገቱበት» አላት።

ቀጥለው ለቤታቸውም ሕግ አረቀቁ። ሦስተኛው አንቀጽ «ማንም ሳይሰማ አይቀጣም» ይላል። አምስቱም የቤቱ ሰዎች ፈርመው ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፉት፤ የአባትየው ፊርማ ከሁሉ በላይ፣ ከሁሉም የገዘፈ ነበር። በዚያው ሰሞን የአገሩን ልማድ ነገራቸው። «እኛ ዘንድ ‹በሕግ አምላክ!› ከተባለ እንኳን ሰው ወራጅ ውሃም ይቆማል» ሲላቸው ልጆቹ ሳቁ።

ሁለት ወር ሙሉ የቅኝ ግዛቶቹን ትልቅ ካርታ ሣሉ። ቅዳሜ ቤታቸው የሚማሩ ልጆች ሥራቸውን በከተማው ቤተ መጻሕፍት ያሳያሉ፤ መካከለኛዋም ካርታው አጠገብ ቆማ ንግግር ልታደርግ ተዘጋጅታለች። ሐሙስ ጠዋት አባትየው ሲነሣ ካርታው በዝናብ ርሶ፣ ቀለሙ ተደባልቆ አገኘው። በላዩ ያለው መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«አንቺ ነሽ! መስኮት መክፈት የሚወድ ሌላ የለም። ቅዳሜ የትም አትሄጂም» አላት።

«አባዬ፣ አንዴ ስማኝ…»

«ዝም በይ! በእኔ ቤት አባት አይከሰስም» ብሎ ሊወጣ ተነሣ።

ልጅቷ ቀድማው በሩ ላይ ቆመች። «በሕግ አምላክ!» አለችው።

የሰውየው ደም ፈላ። የእሱ አባት ቢሆን ቀበቶውን ይፈታ ነበር። ገፍቷት ቢወጣ ማን ይይዘዋል? ዞር ሲል ግን ማቀዝቀዣው ላይ ያ ትልቅ ፊርማው አፈጠጠበት። አፈረ።

«እሺ፣ ቆሜአለሁ» አለ። ለሚስቱ ወንበር ሳበላትና «ዳኚን» አላት። ራሱ እንደ ተከሳሽ ቆመ።

«መስኮቱን የከፈትሽው አንቺ ነሽ?» አለቻት እናቷ።

«እኔ ነኝ፤ ሞቆኝ ነው። ሊዘንብ መሆኑን አላወቅሁም። ግን አባዬ ሳይጠይቀኝ ፈረደብኝ።»

ሁሉም ደነገጡ። ያን ያህል የደፈረችው ንጹሕ ብትሆን ነው ብለው ነበራ! እናትየው ጥቂት አሰበችና ፈረደች፦ ልጅቷ በመስኮቱ ጥፋተኛ ናት፤ ካርታውን አነስ አድርጋ እንደገና ትሥላለች። አባትየው በሦስተኛው አንቀጽ ጥፋተኛ ነው፤ ሳይሰማ የጣለው ቅጣት ተሽሯል፣ እሱም አብሯት ይሥላል።

ያ ትልቅ ሰውዬ ሁለት ጠዋት ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የቨርጂኒያን ባሕር ሰማያዊ ቀባ። ትንሿ ልጁ «ከመስመር አትውጣ!» እያለች ትቆጣጠረው ነበር። ቅዳሜ ሁሉም አብረው ሄዱ። ልጅቷ የሸመደደችውን ንግግር ትታ፣ ሕግ አባቷን ሲያቆመው ያየችውን ተናገረች።

ጋሽ ይርዳው እዚህ ላይ ወደ ስንዱ ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ያ አባት አንቺ ነሽ። ልጆችሽ በዓይናቸው ያዩት ንጉሥ አንቺን ብቻ ነው። ሕግ አንቺን ሲያቆምሽ ያዩ ቀን፣ ያን ጊዜ ልባቸው ይገባል። ልጅሽ አጥፍቶ ይሆናል፤ ያጠፋም ይሰማል።»

«መጽሐፉስ ጋሼ?»

«መጽሐፉ ይደርሳል። መጀመሪያ ሄደሽ የዘጋሽበትን በር ክፈቺለት።»