ጃርት ደጇን አልለቀቀችም

ተረቴ መጣች፤ የሰማ ላልሰማ ያሰማ። በአንድ ኮረብታ ላይ እመት ጃርት ከልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። አንድ ማለዳ አያ ጅቦ መንጋውን አስከትሎ ድንበሯን ጥሶ ገባና፣ «ይህ ኮረብታ ከጥንትም የኔ ነው፤ እስከ ምሳ ሰዓት ለቀሽ ውጪ» አላት።

«ምሳህን ሌላ ቦታ ፈልግ» አለችው። ልጆቿን ወደ ጉድጓዱ አስገባችና እሾኋን አቁማ፣ ጀርባዋን ሰጥታው ደጇ ላይ ቆመች።

በዚያው ቀን አራዊት ሁሉ ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ። አባ ዝሆን ረጅም ንግግር ካደረገ በኋላ ጦጣን ላካት። ጦጣም ዛፍ ላይ ሆና፣ «እመት ጃርት፣ ጉባኤው እጅግ አዝኗል። እስከ ማታ ያበቃላታል ብለው ለልጆችሽ መጠለያ እያዘጋጁ ነው» አለቻት።

ጃርት ከፋት፤ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። «ልጆቼ ቤት አላቸው ብለሽ ንገሪያቸው» አለች።

ጅቦቹ ተራ በተራ ዘለሉባት፤ ተራ በተራም አፍንጫቸውና እግራቸው ላይ እሾህ እየተሰካባቸው ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን የእሾኋ እኩሌታ ረግፎ ነበር፤ እሷ ግን እዚያው ናት። ይህን ያዩ ንቦች ጉባኤውን ሳያስፈቅዱ መጥተው በላይዋ አንዣበቡ። ከነሱ ኋላ አባ ዝሆን ራሱ መጣ።

«ይህን ያህል ትቆሚያለሽ ብለን አላሰብንም» አላት አንገቱን ደፍቶ።

«እኔ አስቤ ነበር» አለች ጃርት። «አሁን በግራዬ በኩል ይቁሙ።»

ዝሆንም ያን የሚያህል ገላውን ይዞ እሷ ባሳየችው ቦታ ቆመ። አያ ጅቦ ይህን ሲያይ መንጋውን አስከትሎ እያነከሰ ኮረብታውን ወረደ።

ተረቴን ያዙልኝ፣ አፌን አርጥቡልኝ።