በበርበሬ የተጠበቀው ጠላት

አንዲት ሴት በርበሬ ትፈጭ ነበር። ለወጥ አይደለም። ለጦርነት ነው።

አገሩ ሜክሲኮ፣ ዘመኑም የአሜሪካና የሜክሲኮ ጦር የተዋጉበት ያ የድሮ ዘመን ነው። ከመንደሯ በላይ፣ በተራራው ጠባብ መተላለፊያ፣ ሁለቱ ጦሮች ከትናንት ጀምሮ መድፍ ይተኳኮሳሉ። አንድ ልጇን ኢላሪዮንን የሜክሲኮ ጦር ከእርሻ ላይ ለውትድርና ወስዶታል፤ ያለው እዚያ ተራራ ላይ ነው።

በየማለዳው በሯ ላይ ተንበርክካ፣ «ጌታ ሆይ፣ ልጄን በዚህ በር መልሰህ አስገባልኝ» ትላለች። አሜን ብላ ስትነሳ በሩን በግንድ ትደግፈዋለች። ልብ በሉ እናቶች! በዚህ በር አስገባልኝ አለች፤ በሩንም በግንድ ደገፈችው።

አበልጇ ቶማሳ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች።

«አበልጄ፣ ዛሬ ቤቴን ያቃጥሉታል» አለቻት ሴትዮዋ።

«ተዪ እስቲ፣ ቤትሽ ምን ያደርግላቸዋል?»

«ካላቃጠሉት ፍየሌን ይነዷታል።»

«ፍየልሽ ባለፈው ሳምንት ሞታ የለም እንዴ?»

«አየሽ! ገና ሳይደርሱ!»

ከቀትር በኋላ መድፉ ዝም አለ። እርሷ ተመስገን አለች? የት! «በቃ፣ የእኛዎቹ አለቁ፤ አሁን ወደ እኔ ነው» አለች። የፈጨችውን በርበሬ ሁሉ ምድጃው ላይ የጣደችው የቦሎቄ ድስት ውስጥ ገለበጠችው። የአሜሪካ ወታደር አንዴ ከጎረሰ እንባው ዓይኑን ይጋርደዋል፤ ያኔ አናቱን በድንጋይ! ግንዱን ከበሩ አነሳች፤ የወፍጮዋን መጅ ይዛ ከበሩ ኋላ ተደበቀች።

ሰማያዊ ኮት ገባ። የጠላት ኮት! ባርኔጣው ቅንድቡ ላይ ወርዷል፤ ፊቱ በባሩድ ጠቁሯል። በቀጥታ ወደ ድስቱ ሄደ። ድስቱ የት እንደሚቀመጥ ማን ነገረው? እርሷ ይህን አላሰበችም። ፍርሃት መቼ ለማሰብ ፋታ ይሰጣል?

መጁን አነሳች። ሰውዬው ጎረሰ። ጠበቀች። አልጮኸም። ደገመ። አላነባም። ቂጣ ቆርሶ ድስቱን ጠረገና ጀርባውን እንደሰጣት፣

«እማዬ፣ የት ነሽ? ጨው ረስተሻል እኮ!» አለ።

ያንን በርበሬ ሳያለቅስ የሚበላ፣ እዚያ ቤት ካደገ ሰው በቀር ማን አለ? መጁ ከእጇ አመለጠ፤ አውራ ጣቷ ላይ አረፈ።

«ምነው የጠላት ኮት ለበስክ!» ብላ በአንድ እግሯ እየዘለለች ጮኸች።

«በረደኝ፤ ሜዳ ላይ አገኘሁት። ስንቃችን አልቆ ጦሩ ተመለሰ። አንቺስ ምነው በድንጋይ?»

«ከስተሃል!» አለችና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

ያ ጦርነት በዚያ ቤት ያቆሰለው አንድ አውራ ጣት ብቻ ነው። እርሱንም ያቆሰለችው ራሷ ናት።

እናቶች፣ አትፍሩ አልላችሁም። ክፉ ነገር አለ፤ መድፉም የእውነት መድፍ ነበር። ግን የለመነችው ልጅ በለመነችበት በር ሲገባ፣ በእጇ ምን ይዛ ጠበቀችው?

እኛስ? ልጄን በሰላም መልስልኝ ብለን ጸልየን፣ ታክሲው ትንሽ ሲዘገይ ልቅሶ ቤት የምንለብሰውን ነጠላ በዓይናችን አንፈልግም? በር ሲንኳኳ «ማን ሞተ?» አንልም? ልጁ ሲገባስ፣ ተመስገን ከማለታችን በፊት «የት ነበርክ!» ብለን በቃል መጅ አናቱን አንለውም? የጸሎታችን መልስ እኮ ሁልጊዜ እኛ በምናውቀው ኮት አይመጣም!

ዛሬም በራችሁ ይንኳኳል። ከመክፈታችሁ በፊት መጁን አስቀምጡት። ቀስ ብላችሁ ግን፤ ከሥር እግር አለ።