ቱቦውን በክር ያሰረው አስታራቂ

አንድ ሰው ነበረ፤ አስታራቂ ሽማግሌ። አስታራቂ ስላችሁ እንደ ሰፈራችሁ አስታራቂ እንዳይመስላችሁ! ድመትና አይጥ ቢያቀርቡለት ተቃቅፈው እንዲወጡ የሚያደርግ፣ ሰባት ወንዝ ተሻግረው የሚጠሩት። “እኔ ፊት ተኳርፎ የተቀመጠ ሰው፣ መቀመጫው ሳይሞቅ ታርቆ ይነሣል” ይል ነበር።

ይህ ሰው ከገዛ ታናሽ ወንድሙ ጋር ስድስት ዓመት ሙሉ አይነጋገርም ነበር።

ሳቃችሁ? ሳቁ። እኔም ስሰማ ሥቄአለሁ። ኋላ ግን ወደ ራሴ ቤት ዞር ብዬ አየሁና ሣቄን ዋጥኩት።

ሰውየው ታመመ። ቀኝ ጎኑን ሰቅዞ ያዘው፤ የዓይኑ ነጭ እርድ የተነከረበት መሰለ። ሐኪም ቤት ቢወስዱት ሐሞቱ የሚወርድበት መንገድ ላይ ድንጋይ ተቀርቅሯል አሉት። ቀደው አወጡለት። ድንጋዪቱ ባቄላ ታህል ነበር፤ በማግስቱ ለጠያቂ ሲያወራት የወፍጮ መጅ አክላለች።

ከጎኑ ባለው አልጋ አንድ መምህር ተኝቷል። እሱም በዚያው ቀን፣ በዚያችው ሐኪም እጅ፣ ከዚያው ቦታ ድንጋይ ወጥቶለታል። ነገር ግን የመምህሩ ሐሞት መውረጃ ወዲያው ተሰፍቶ ተዘጋ። የእኛ ሰው ግን ከሆዱ ቀጭን የጎማ ቱቦ ወጥቶለት፣ አልጋው ጎን በተንጠለጠለ ከረጢት ውስጥ ሐሞቱ ጠብ ጠብ ይላል። የገባ የወጣው ሁሉ ያየዋል።

“ልጄ ዶክተር፣” አላት ሐኪሟን፣ “እሱን እንደ ሙሽራ ቀሚስ አሳምረሽ ሰፍተሽ፣ እኔን እንደ ተቀደደ ጀሪካን ታንጠባጥቢኛለሽ? ክር አለቀብሽ እንዴ?”

ዶክተር ሐረገወይን ሣቀች። “ክርስ ሞልቷል፣ ጋሽ አበጀ። የመምህሩ መንገድ ድንጋዩ ሲወጣ እስከ ታች ጠራ፤ ዘጋሁት። የእርስዎ ግን ታቹ አብጧል። አሁን ጥርቅም አድርጌ ብሰፋው ሐሞቱ መሄጃ ያጣና ስፌቴን በጥሶ ሆድዎ ውስጥ ይፈሳል።”

“እና የቱ ነው የሚሻለው? ስፌቱ ወይስ ቱቦው?”

“መጀመሪያ መንገዱን አያለሁ፤ ክሩን ከዚያ ነው የማነሣው። እብጠቱ እስኪቀንስ በቱቦው ይውጣ። ሦስት ሳምንት ይታገሡኝ፤ ወደ ታች መውረዱን በራጅ አይተን እንነቅለዋለን።”

መምህሩ ከአልጋው ቀና አለ። “ጋሽ አበጀ፣ እኔ ዓርብ ወጪ ነኝ። ቤተሰብ ጋ የሚልኩት ሐሞት ካለ…”

“አርፈህ ተኛ፣ አንተ ስፌታም!”

በአራተኛው ቀን መልእክት መጣ። የመንደሩ ሽማግሎች ወንድሙን ይስማውን ይዘው ከሰዓት ሊመጡ ነው። ታውቁታላችሁ ልማዳችንን፤ የታመመ ሰው ቂም ይዞ አይተኛም፣ አልጋው ላይ ይታረቃል። አበጀ ልቡ ዘለለ። ወንድሙን ናፍቆታል። አይነግራችሁም እንጂ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ናፍቆታል። ነገር ግን ታናሹ ፊት ሐሞቱን እያንጠባጠበ? ይህ ከሞት ከፋበት። ከጋቢው ጫፍ ክር መዘዘ፣ ቱቦውን አጠፈና ጠፍንጎ አሰረው። ከረጢቱን ጋቢው ሥር ወሸቀ።

ሽማግሎቹ ገቡ። “በሽተኛ ፊት ነገር አይመዘዝም” አሉ ትልቁ። “አበጀ፣ ይቅር በል።”

“ብያለሁ!”

“ይስማው፣ አንተስ?”

“እኔም ብያለሁ።”

“እሰይ! ተሳሳሙ።” ተሳሳሙ። ሽማግሎቹ ያመጡትን ሙዝ አስቀምጠው፣ መርቀው ወጡ። ስድስት ዓመት የቆየ ቂም አንድ ሙዝ ተልጦ እስኪበላ አልቆየም!

ይስማው ሊያስታምም ቀረ። ሁለት ሰዓት ያህል ይስማው ሙዝ እየላጠ፣ አበጀ ጋቢውን እየሳበ ተቀመጡ። ከዚያ አበጀ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

“ምን ሆንክ፣ ጋሼ?”

“ምንም። እንደ ዛሬ ደህና ሆኜም አላውቅ” አለ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ።

ይስማው ጋቢውን ገለጠ። ክሩን አየ። “ይሄ ምንድነው?”

“ዝም በል። ታርቀን የለም እንዴ?”

“ልትሞትብኝ እኮ ነው!” ብሎ እየጮኸ ወጣ።

ዶክተር ሐረገወይን ሮጣ መጥታ ክሩን ቆረጠችው፤ የታመቀው ሐሞት ተንዶልዱሎ ወረደ። “ማን ነው ያሰረው?”

“እኔ።”

“ለምን?”

“እሱ እንዳያየኝ።”

መድኃኒት ሰጥታው፣ እስኪረጋጋ ቆማ ጠብቃ ሄደች። አበጀ ፊቱን ወደ ወንድሙ አዞረ።

“ይስማው።”

“አቤት ጋሼ።”

“እናታችንን ሳልደርስ ቀበርካት። በርበሬ ጭኜ አሶሳ ነበርኩ። መኪናው ሲሰበር በእግሬ ነው የሮጥኩት። ስደርስ አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። ምን ነበር ትንሽ ብትጠብቀኝ?”

“እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበቅሁህ” አለ ይስማው። “ዝናቡ መጣ፣ ካህናቱ ቸኮሉ። ብቻዬን አለቀስኩ፣ ጋሼ። አንተም መጥተህ ሳታቅፈኝ ሄድክ። እኔስ እናቴ አልሞተችም?”

አበጀ ይህን አስቦት አያውቅም ነበር።

በዚያ ቀን አለቀ እንዳይመስላችሁ። ይስማው በየቀኑ ይመጣል፤ አንድ ቀን ይላቀሳሉ፣ አንድ ቀን ሲስተር መጥታ “ገበያ አደረጋችሁት እኮ!” እስክትል ይጯጯሃሉ። በሃያ አንደኛው ቀን ራጅ ተነሣ። ሐሞቱ በገዛ መንገዱ ይወርዳል። ቱቦው ተነቀለ። ወንድማማቾቹ ባጃጅ ይዘው እናታቸው ወደተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን ሄዱና መቃብሯ ላይ ተቃቅፈው ያኔ አብረው ያላለቀሱትን ልቅሶ አለቀሱ።

እናንተስ፣ ወገኖቼ? ከመካከላችሁ ድንጋዩ ከወጣለት፣ መንገዱ ከጠራለት ቆይቶ፣ ዛሬም ቱቦውን አንጠልጥሎ ለጠያቂ የሚያሳይ አለ። ስንት ዓመት ታሳያላችሁ? በደላችሁ ተነግሮ፣ ተለቅሶ፣ ተክሶ አልቋል እኮ! ዝጉት።

ደግሞ ውስጣችሁ ገና እንዳበጠ “ይቅር ብያለሁ” ያላችሁ አላችሁ። ሰው እንዳያያችሁ ብላችሁ ነው ያላችሁት። እናንተም ሽማግሎች፣ ምርቃቱ ላይ ለመድረስ የምትቸኩሉ፣ ያን ሰው “ምንህን ነው የነካህ?” ብላችሁ ጠይቃችሁታል? መልሱን ተቀምጣችሁ ሰምታችኋል? እግዚአብሔር የልባችንን መራራ ሲያይ አይጸየፍም። እኛ ነን የምናፍረው።

አሁን እየሰማችሁ ሳለ አንድ ስም በልባችሁ መጣ። መጣ አይደል? ወደዚያ ሰው ሂዱ፤ ያመማችሁን ንገሩት፣ ያመመውንም ስሙት። ቤት የሚጠብቃችሁ ምሳ ይቀዝቅዝ። ሂዱ።