ግማሽ እርምጃ

አንድ በሽምግልናው የተከበረ፣ እንግዳሸት የሚባል ዳኛ ነበር። በገበያ ቀን ጠባቡ ድልድይ ላይ ሕዝብ ተጨናንቆ ሦስት ሰዎች ተረግጠው ሲሞቱ፣ ነገሩ ለእሱ ቀረበ። ተከሳሹ አንድ የጨው ነጋዴ ነው። ጥፋቱም ለአገሩ እንግዳ መሆኑና በዚያች ሰዓት ድልድዩ ላይ መገኘቱ ነበር።

ዳኛው ድልድዩ ላይ የነበሩትን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቀ። ሁሉም እየማሉ፣ "ምን እንደተፈጠረ ለማየት ግማሽ እርምጃ ጠጋ አልኩ እንጂ ማንንም አልገፋሁም" አሉት። እውነታቸውን ነበር፤ ዳኛውን ያስፈራውም ይኸው ነው። ገዳይ ቢያገኝ አስሮ ይገላገል ነበር። ገዳይ የሌለው ሞት ግን ነገም ተመልሶ ይመጣል።

የአገሩ አዋቂ፣ "ጌታዬ፣ ይሄ ምን ያስጨንቃል?" አለ። "ክፋቱ ከአንዳቸውም ዘንድ ከሌለ ከውጭ የመጣ ነው። ይህ ሰው ጋኔን ይዞብን መጥቷል። ይሰቀል!"

ሕዝቡም "ይሰቀል!" እያለ የዳኛውን ግቢ ሞላው። ነጋዴው ታስሮ ከግቢው ግንብ ሥር ቆሟል።

"አባቴ፣ የልጆች አባት ነኝ" አለ።

 ዳኛው ሰውየውን ቢለቅ እሱንም እንደማይምሩት አውቋል። ቢሆንም ከወንበሩ ወርዶ ከነጋዴው አጠገብ ቆመና፣ "ከመፍረዴ በፊት ድልድዩ ላይ ያደረጋችሁትን አሳዩኝ። እያንዳንዳችሁ ግማሽ እርምጃ ብቻ ጠጋ በሉ" አለ።

ጠጋ አሉ። የፊተኞቹ የዳኛውን ደረት ነኩ። የኋለኞቹ ለማየት ሲጠጉ ግንቡ ጀርባውን ያዘው፤ ትንፋሽ አጠረው። "በቃ!" ቢል ድምፁ ከሦስተኛው ረድፍ አላለፈም። ራሱ ባዘዘው ነገር ሊሞት እንደሆነ ገባው። ያን ጊዜ ከፊት ተጣብቆ የነበረው አዋቂ፣ "ኧረ በፈጠራችሁ! ከኋላ ያላችሁ ተመለሱ!" ብሎ ጮኸ። ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ በሩ ድረስ ደረሰ። የመጨረሻዎቹ ግማሽ እርምጃ ተመለሱ፤ ዳኛውም ተነፈሰ።

"ማን ገፋኝ?" አለ።

"እኔ አይደለሁም" አሉ ሁሉም።

ወደ አዋቂው ዞሮ፣ "ጋኔኑስ በየት በኩል ገባ?" አለው። አዋቂው አቀርቅሮ የገዛ እግሩን አየ። ነጋዴው ተፈታ። ሕዝቡም እርስ በርሱ እየተፈራራ፣ ተራ እየጠበቀ አንድ በአንድ ወጣ።

ከማናችንም ውስጥ ቢፈለግ የማይገኝ ክፉ ነገር ስንሰበሰብ ይወለዳል። ለየብቻችን ስንታይ ስለማይገኝብን ከሌላ ዓለም የመጣ ይመስለናል፤ የተሠራው ግን ከየራሳችን ትንሽ እርምጃ ነው። ለመሆኑ እኛ ዛሬ ግማሽ እርምጃ የተጠጋነው በማን ላይ ነው?