በደረቅ እጅ የተለቀቁ ዓሦች

አንድ ባይለየኝ የሚባል አጥማጅ በአንድ ሐይቅ ዳር ይኖር ነበር። የአካባቢው አጥማጆች አለቃ እሱ ነበር። በዳርቻው ያለው ዓሣ እያነሰ ሲመጣ አጥማጆቹ ተሰብስበው መከሩ። ገና ያላደገ ዓሣ ወይም እንቁላል የቋጠረች ዓሣ ያገኘ ሰው መልሶ እንዲለቅ፣ ዓሣ በሚራባበት ወቅትም በዳርቻው ቄጠማ ውስጥ መረብ እንዳይጣል ተስማሙ። ሐሳቡን ያመጣው ባይለየኝ ነበር፤ በመልቀቅም የሚቀድመው አልነበረም።

ሲለቅ ግን ሰው እንዲያይለት ይፈልግ ነበር። ዓሣዋን ከመንጠቆው መንጭቆ ይጨብጣታል፤ ከፍ አድርጎም ዳር ለቆሙት ያሳያታል። «እዩ፣ ይቺ ለእራት ትበቃኝ ነበር። ለልጆቻችን ስል ለቀቅኋት» ይላል። ንግግሩን እስኪጨርስ ዓሣዋ ፀሐይ ላይ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ከዚያ አሽቀንጥሮ ይወረውራታል። ሰዎቹ ይመርቁታል፤ እሱም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል።

ባይለየኝ ውበቱ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው። እናታቸው ስትሞት ያሳደገው እሱ ነው። አንድ ዓመት፣ ዓሣ በሚራባበት ወቅት፣ ውበቱ ቄጠማው ውስጥ መረብ ጥሎ ተያዘ። ሚስቱ ታንጉት አራስ ነበረች፤ ቤት ውስጥ የሚቀመስ ነገር ጠፍቶ ነበር። ወንድሙን «ቸግሮኛል» ማለት አፍሮ ነው እንዲያ ያደረገው።

አጥማጆቹ ባይለየኝን «ወንድምህ ነው፤ ፍርዱን ላንተ ትተናል» አሉት። እሱም ሊምረው ወሰነ። ነገር ግን ገበያ የሚቆምበትን ቀን ጠብቆ ሕዝቡን ዳር ሰበሰበ። መረቡን አንገቱ ላይ አጥልቆበት ውበቱን መሀል አቆመው። ያበላውን፣ ያለበሰውን፣ የዳረውን ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ ዘረዘረበት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ታንጉት ሕፃኑን ታቅፋ ከሰው ኋላ ቆማ ትሰማለች።

በመጨረሻ ባይለየኝ «ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ ሐይቅ ያባርርህ ነበር። እኔ ግን ምሬሃለሁ፤ ሂድ» አለው። ሕዝቡ አመሰገነው።

ውበቱ መረቡን አውልቆ መሬት ላይ አስቀመጠ። «አያ፣ ብትቀጣኝ ይሻለኝ ነበር» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ባይለየኝ ይህን እንደ ውለታ ቢስነት ቆጠረበት። ብዙም ሳይቆይ ውበቱ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ለቀን ሥራ ወደ ቆላ ወረደ። የት ገባ ብሎ የፈለገው አልነበረም።

ክረምቱ ሲወጣ ነፋስ የባይለየኝን ታንኳ ወደ ማዶ ወሰደበት። እሷን ፍለጋ ሐይቁን በእግሩ ዞሮ ሲሄድ በማዶው ቄጠማ ሥር የተንሳፈፉ የሞቱ ዓሦች አየ። ትናንሾች ነበሩ፤ ከመካከላቸው ሆዳቸው እንቁላል የቋጠረም ነበሩ። በማዶው ዳር የሚያጠምዱት አያ ድረስ የሚባሉ ሽማግሌ በቅርጫት ይለቅሟቸዋል።

«ማን ነው መርዝ የጨመረባቸው?» አላቸው።

«መርዝ አይደለም። ነፋሱ ከእናንተ ዳር የሚያመጣቸው ናቸው። የተለቀቁ ናቸው።»

«የተለቀቁትማ በሕይወት ነው የሄዱት። እኔው ራሴ ነኝ የለቀቅኋቸው።»

ሽማግሌው አንዷን አንሥተው አሳዩት። ከንፈሯ ተቀዷል፤ ጎኗ ላይም በጣት ቅርጽ ነጭ ሻጋታ ወጥቶባታል።

«ዓሣ ገላዋን የሚጠብቅላት ልጋግ አላት» አሉት። «በደረቅ እጅ ስትጨብጣት ይገፈፋል፤ ቦታው ይቆስልና ይሻግታል። ፀሐይ ላይ ስታቆያት ትታፈናለች፤ ስትወረውራት ውስጧ ይጎዳል። ከእጅህ ስትወጣ ትዋኛለች፤ የምትሞተው አንተ ከሄድክ በኋላ ነው።»

«እንዴት ነው መልቀቅ የነበረብኝ?»

«እጅህን ታረጥባለህ። ከውኃው ሳታወጣት መንጠቆውን ቀስ ብለህ ትነቅላለህ። እስክትበረታ ደግፈሃት ትቆያለህ፤ ስትሄድም ዝም ብለህ እጅህን ትከፍታለህ። ለሰው የሚታይ ነገር የለውም።»

ባይለየኝ ዓሣዋን ተቀበላቸው። በዓይነ ኅሊናው የመጣበት ግን ወንድሙ ነበር፣ መረቡ አንገቱ ላይ ሆኖ። ታንኳውን ሳይፈልግ ተመለሰ፣ ስንቅ ቋጠረና ወደ ቆላ ወረደ።

እያጠያየቀ ከአንዲት ጎጆ ደረሰ። ታንጉት ጥቁር ለብሳ ወጣች። ሳትናገር ገባው።

«ወባ ነው» አለችው። «ቶሎ ጤና ጣቢያ ቢደርስ ይተርፍ ነበር አሉ። የሚሸከሙት ሰዎች አላጣም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውን እርዱኝ ማለት አይችልም ነበር። ቀና ብሎም አይሄድም ነበር።»

«ስለ እኔ ምን ይል ነበር?»

«‹አያ ምሮኛል› ይል ነበር። ክፉ ቃል ተናግሮብዎ አያውቅም።»

ክፉ ቃል ቢሰማ ይቀልለው ነበር። መቃብሩ ላይ ተደፍቶ ይቅር በለኝ አለ፤ የሚመልስለት አልነበረም። ሲነሣ ታንጉትን ልጁን ይዛ ወደ አገሯ እንድትመለስ ለመናት። እሷም «እመጣለሁ» አለችው። «ልጁን ግን አሳድጌሃለሁ አይበሉት። ሰው ፊትም ሆነ ለብቻው፣ አንድ ቀንም አይበሉት።»

ባይለየኝ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ባይለየኝ ሽማግሌው ያሉትን ነግሯቸው፣ ከዚያ ወዲያ በዚያ ዳር አጥማጆቹ ዓሣ የሚለቁት እጃቸውን አርጥበው፣ ከውኃው ሳያወጡ፣ ሳይናገሩ ሆነ። ከዓመታት በኋላ ዓሣው ተመለሰ። ውበቱ ግን አልተመለሰም።

ምሕረት «ምሬሃለሁ» በማለት አያበቃም። የበደለን ሰው አዋርደን ብንለቀው በእግሩ ቆሞ ከፊታችን ይሄዳል፤ የሚወድቀው እኛ በማናይበት ቦታ ነው። ይቅር ስንል በለሰለሰ እጅ፣ ሰው ሳይሰማ፣ እስኪበረታም ደግፈን ይሁን። እናንተ ይቅር ያላችሁት ሰው ዛሬ የት ነው? ደህና መሆኑን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?