አህዮቹ ከተማ ሊያዩ የሄዱ ጊዜ

አንድ ጊዜ፣ አዝመራው ተሰብስቦ የጭነት ሥራ በረድ ባለበት ወር፣ እመት ስንዱ የተባለች አህያ ባሏንና ሁለት ውርንጭሎቿን ይዛ ከተማ ለማየት ተነሳች። ባሏ ዳለቻ ጉልበቱ የበረታ፣ ልቡ ግን የዋህ ነበር፤ «ጌታዬ» ያለው ሁሉ ወዳጁ ይመስለዋል። ትልቋ ውርንጭላ ቡላ አስተዋይ ናት። ትንሹ ቁንጮ ደግሞ ከሐሳቡ በፊት እግሩ የሚደርስ ዓይነት ነው።

ከሰፈሩ አህዮች እስከዚያ ቀን ድረስ ለሽርሽር የሄደ አልነበረም። ጎረቤቶቿ ሲሰሙ ሳቁባት።

«ኧረ ስንዱ! አህያ ያለ ጭነት ከተማ ገብቶ ምን ሊሠራ?»

«ሊበላ፣ ሊሰማ፣ ሊጨፍር!» አለች። «ዓመቱን ሙሉ የሰው እህል ተሸክሜያለሁ። አሁን ሦስት ቀን ልጆቼን ላስደስት።»

የሚሄዱባት ከተማ ዋርካ ትባላለች። መሐሏ ላይ አንድ ትልቅ ዋርካ አለ፤ ዙሪያዋን በድንጋይ ቅጥር ታጥራለች። ንጉሥ አንበሳ ለከተማዋ ያወጣው ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ በቅጥሩ ውስጥ ማንም በማንም ላይ ጥርሱን አያነሳም። ከቅጥሩ ውጪ ግን ሁሉም ለራሱ ያውቃል።

አህዮቹ በምዕራቡ በር ሲገቡ ዘበኛው ከርከሮ ይህንኑ ነገራቸው። «እንኳን ደኅና መጣችሁ። እዚህ ውስጥ የሚነክሳችሁ የለም። ስትወጡ ግን በየትኛው በር እንደምትወጡ ዕወቁ።»

ቁንጮ ይህን አልሰማም። ዓይኑ ቀድሞ ገብቷል። ጉሬዛዎች ነጭ ካባቸውን አንጠልጥለው ከሰገነት ሰገነት ይዘላሉ፤ ኤሊዎች መንገዱን ዘግተው እየተሳሳቁ ይሄዳሉ፤ ከአንዱ ግቢ የከበሮ ድምፅ፣ ከሌላው የትኩስ አተላ ሽታ ይመጣል።

«አባዬ፣ ያ ምንድን ነው? እማዬ፣ ይሄስ?» እያለ ወዲያና ወዲህ ፈነጨ።

በዚያች ሰዓት ከግንብ ጥግ ሁለት ዓይኖች አዩአቸው። የቀበሮ ዓይኖች ነበሩ። ቀበሮው አራት የሰቡ አህዮች በአንድ ቀን አይቶ አያውቅም። ብቻውን እንደማይችላቸው ግን ያውቃል። ስለዚህ ማንም ወደማይወጣበት ወደ ምሥራቁ በር ሮጦ፣ ከበሩ ማዶ ወዳለው ሸለቆ ወረደና አያ ጅቦን ከእንቅልፉ ቀሰቀሰው።

«አያ ጅቦ፣ ተነስ! አራት አህያ!»

«የት? የት?» ጅቡ ምራቁን እየዋጠ ተነሳ። «አሁኑኑ ገብቼ ልብላቸው!»

«ከገባህ አንበሳው አንተን ይበላሃል። እኔ ራሴ ይዤልህ እወጣለሁ። እኩል እንካፈላለን።»

«እኩል ማለት ለእኔ ሦስት፣ ለአንተ አንድ ማለት ነው?»

ቀበሮው ፈገግ አለ። «እንደዚያ ነው። አሁን ስማኝ። ከበሩ አጠገብ ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ ተኛ። ሙዚቃ አለ ብዬ ስለማመጣቸው ትንሽ ዝፈን። የመጀመሪያው ከበሩ ሲወጣ ዘለህ ያዝ።»

«ማንን?»

«የመጀመሪያውን አልኩህ! ማንም ይሁን ያዝ!»

«እሺ። ምን ብዬ ልዝፈን?»

ቀበሮው ቸኩሏል። «በልብህ ያለውን!» ብሎት ወደ ከተማ ተመለሰ።

እመት ስንዱ ግን በዚያ መሐል በራፏ ላይ ፀሐይ የምትሞቅ አንዲት አሮጊት በግ አግኝታ ነበር። «እማማ፣ እናንተ ራሳችሁ ስትራቡ የት ነው የምትሄዱት?» ብላ ጠየቀቻት። በጓ በዚህ ጥያቄ በጣም ተደሰተች። እንግዳ ሁሉ ትልቁን የምግብ አዳራሽ ነበር የሚጠይቃት። ተነስታ እያነከሰች በጠባብ መተላለፊያ አሳልፋ አንድ ምልክት የሌለው ግቢ አደረሰቻቸው።

የግቢው ባለቤት አንዲት ወፍራም ላም ናት። ለትልልቆቹ በአሞሌ ጨው የተለወሰ ፉርሽካና ከገንዳ የተቀዳ አተላ አቀረበች፤ ለውርንጭሎቹ የተላጠ ሸንኮራ አገዳ ቆራረጠች። ዳለቻ አፉን ከገንዳው ሲያነሳ አፍንጫው ድረስ አተላ ነበር። ቡላ አይታው እስኪያማት ሳቀች። እሱም ሳቀ። እመት ስንዱ ባሏ ሲስቅ ካየች ስንት ወር እንደሆናት አሰበችና ልቧ ሞቀ።

ቀበሮው ያገኛቸው እንደዚህ እየሳቁ ነው።

«ጌታዬ!» አለ፣ ለዳለቻ እስከ መሬት እጅ እየነሳ። «እንደ እርስዎ ያለ ግርማ ሞገስ ያለው እንግዳ ወደ ከተማችን ሲመጣ አስጎብኚ ማጣቱ ያሳፍረናል። እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ሙዚቃ ይወዳሉ?»

የዳለቻ ጆሮዎች ቀጥ አሉ። «እንወዳለን እንጂ! ለልጆቹ ሲባል ነው የመጣነው።»

«እንግዲያው መሐል ከተማ ያለውን ይተዉት። እሱ ለመንገደኛ ነው። እውነተኛው ጭፈራ ከምሥራቁ በር ማዶ ነው። ልጆች ከበሮ ራሳቸው ይመታሉ!»

«ከበሮ እመታለሁ?» አለ ቁንጮ፣ አገዳው ከአፉ እየወደቀ።

«አንተማ ዋናው ከበሮ መቺ ትሆናለህ።»

እመት ስንዱ ቀበሮውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ከበር ማዶ? ዘበኛው ስለ በሮቹ አንድ ነገር ብሎን ነበር።»

«አንቺ ደግሞ!» አለ ዳለቻ። «ሰውየው በትሕትና ጋበዘን። ክፉ ቢሆን ጌታዬ ይለኝ ነበር?»

ባሏን በልጆቹ ፊት ማዋረድ አልፈለገችም። እያወቀች ዝም ማለትም አልሆነላትም። «መልካም» አለች በረጋ ድምፅ። «መጀመሪያ ግን ዋርካው ሥር ካለው አዝማሪ አንድ ዘፈን እንሰማለን። ከዚያ የሚሆነውን እናያለን።»

ቀበሮው ጥርሱን ነክሶ ተከተላቸው።

ከዋርካው ሥር የከተማው እንስሳ ሁሉ ተሰብስቧል። አዝማሪው ደረቱ የቀላ ሽማግሌ ጭላዳ ዝንጀሮ ነው። ማሲንቆውን እየገዘገዘ የገባውን ሁሉ በግጥም ያወድሳል፣ ይነካካል፣ ያስቃል። እንግዳ ግጥም ሲሰጠው ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። ቡላ አፏን ከፍታ ታያለች። ዳለቻ ትከሻው ሳያስበው ይንቀጠቀጣል።

«ጊዜው ሄደ፤ እንሂድ እንጂ» ይላል ቀበሮው።

እመት ስንዱ ይህን ስትሰማ ተነስታ መሐል ገባች። በሺህ ዓይን ፊት ቆማ አታውቅም፤ ግን ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

«ተቀበል!» አለችው አዝማሪውን።

«ልቀበል፣ እመቤቴ!»

«አገሩን አላውቅም እንግዳ ነኝ እኔ፣
ከምሥራቅ በር ማዶ ምን አለ ወገኔ?»

ጭላዳው ማሲንቆውን አቆመ። ሽማግሌው ወደ እሷ ጠጋ ብሎ፣ ፊቱ ሳይስቅ፣ በቀስታ ጀመረ።

«ከበሩ ማዶማ ዘፈንም የለበት፣
ያያ ጅቦ ጥርስ ነው የሚንቋቋበት።»

«እውነት ነው!» አሉ ፍየሎቹ። «በዚያ የወጣ አልተመለሰም!» አሉ ዶሮዎቹ። «ማነው እዚያ ሊወስዳችሁ ያለው?» አለች አሮጊቷ በግ።

የዳለቻ ጆሮዎች ወደቁ። ቀበሮውን ሊያሳይ ዞረ። የቀበሮው ቦታ ባዶ ነበር።

«እማዬ» አለች ቡላ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ። «ቁንጮስ?»

ቀበሮው «ተቀበል» የሚለውን እንደሰማ ጉዳዩ እንደተበላሸ ገብቶት ነበር። አራቱ ካመለጡት አንዱ አይቅርበት። ቁንጮን በጆሮው «እናትህ ፈቅዳለች፤ እነሱ ከኋላ ይደርሳሉ። ቀድሞ የደረሰ ነው ከበሮውን የሚመታው» አለው። ቁንጮም ሳያስብ ፈትለክ አለ።

የምሥራቁ በር ዘበኛ የለውም፤ በዚያ የሚወጣ ስለሌለ አያስፈልገውም። ቁንጮ ከደፉ ሲደርስ አንድ ጎርናና ድምፅ ከቁጥቋጦው ውስጥ ሲዘፍን ሰማ።

«ና የኔ ሥጋ፣ ና የኔ አጥንት፣
ሆዴ ተርቧል ከትናንት!»

ቁንጮ ቆመ። አንድ እግሩ ውጪ፣ ሦስቱ ውስጥ ናቸው።

«ጋሼ ቀበሮ፣ ይህ ዘፈን ስለ ሥጋ ነው። እኛ ደግሞ ሣር ነው የምንበላው።»

«የፍቅር ዘፈን ነው፤ እለፍ!»

«ታዲያ ዘፋኙ ለምን ጥርሱን ያፋጫል?»

ቀበሮው በንዴት ጦፈ። «ቆይ፣ ዝም አሰኝቼልህ ልምጣ» ብሎ ከበሩ ዘለለና፣ «አንተ ጅል፣ አፍህን ዝጋ!» ብሎ ጮኸ።

አያ ጅቦ ግን ለመዝለል ሲዘጋጅ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። የመጀመሪያውን ኮቴ እንደሰማ ተወረወረ።

«ያዝኩ! ያዝኩ!» አለ አፉ ሞልቶ። «ምነው አህያው ቀለለ?»

«እኔ ነኝ! ልቀቀኝ!»

«የመጀመሪያውን ያዝ፣ ማንም ይሁን አላልክም?»

ቀበሮው ተፈራግጦ ሲያመልጥ ግማሽ ጭራው በጅቡ አፍ ቀረ። ጅቡም ዓይኑን ሲገልጥ በበሩ ደፍ ላይ የቆመውን ቁንጮን አየ። የቀበሮውን ጭራ ተፋ። ቁንጮ መሸሽ ፈለገ፤ እግሩ ግን አልታዘዘውም። ሕይወቱን ሙሉ ሲቀድመው የኖረው እግር ያን ጊዜ ከመሬት ተጣበቀ።

ከኋላ የኮቴ ነጎድጓድ ተሰማ። ዳለቻ ነው። በጉልበት ዘመኑ ሁሉ እንደዚያ ሮጦ አያውቅም። ከልጁ ጎን ሲደርስ ጀርባውን ወደ ጅቡ አዞረ፣ ሁለት የኋላ እግሮቹን ሰበሰበና ረገጠ። አያ ጅቦ ከነጥርሱ ሸለቆ ገባ። ሕጉ ስለ ጥርስ እንጂ ስለ ኮቴ ምንም አይልም።

እመት ስንዱ ቁንጮን በአንገቱ ፀጉር ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችው። የከተማው ሕዝብም ደረሰ። ፍየሎቹ በሩን በእንጨት ቀረቀሩት። ቀበሮው ግማሽ ጭራውን አንከርፍፎ በሸለቆው ሲሸሽ ሁሉም አየው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በየትኛውም በር ሊገባ አልደፈረም።

ዳለቻ ግን ራሱን ደፍቶ «ስንዱ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛው። ጌታዬ ስላለኝ ልጄን ላስበላ ነበር። ወደ ቤታችን እንሂድ» አላት።

እመት ስንዱ በአፍንጫዋ አንገቱን ዳሰሰችው። «አንተ ደግሞ በእግርህ መለስከው። ሦስት ቀን ብለን ነው የመጣነው። ለአንድ ቀበሮ ስንል ሁለቱን ቀን አንጥልም። ከተማዋ ምን በደለችን? እውነቱን የነገረችንም እሷው ናት።»

በማግስቱ ጧት ዳለቻ ራሱ ቀድሞ ወጣ። አንድ ልጆች ያሉት ኤሊ አስቆሞ፣ «ወንድሜ፣ አንተ ልጆችህን የት ነው የምታዝናናው?» ሲል ጠየቀው። ኤሊው የምንጭ ዳር ሜዳ አሳየው። ቀጥሎ ሁለት ዶሮዎችን ጠየቀ፤ እነሱም ያንኑ ሜዳ ነገሩት። ቤተሰቡ ቀኑን እዚያ ዋለ፤ ለስላሳ ሣር በሉ፣ ከምንጩ ጠጡ፣ ከኤሊው ልጆች ጋር ተጫወቱ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዋርካው ሥር ተመለሱ። ማሲንቆው ሲጀምር የጉሬዛ ልጆች ከበሮ ይዘው መሐል ገቡ። ቁንጮ ግን ከእናቱ እግር አልተለየም። ከበሮውን ያያል፣ መልሶ መሬት ያያል።

«መምታት ትፈልጋለህ?» አለችው።

«ፈርቼ ነው፣ እማዬ።»

«ሂድ። እኔ እዚሁ ነኝ፤ አንተም እኔን የምታይበት ቦታ ቁም። ይኸው ነው።»

ቡላ ጆሮውን ጎተተችው። ሁለቱም ገቡ። ቁንጮ የመጀመሪያውን ምት በፍርሃት መታ፣ ሁለተኛውን ጠንከር አደረገው፤ በሦስተኛው ዋርካው ሥር የነበረው ሁሉ ትከሻውን ነቀነቀ። ዳለቻና እመት ስንዱም ተነሱ። በሰፈራቸው ተጭነው ሲያዘግሙ ያያቸው ሁሉ ያን ቀን ቢያያቸው ኖሮ አያውቃቸውም ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ በማናውቀው አገር የሚያቆላምጠንን አንድ አፍ ከማመን ብዙዎችን በግልጽ መጠየቅ እንደሚያድንና ጠይቆ የሄደ እንግዳም ሳይፈራ እንደሚደሰት ነው።